የዋሻዋ ልጅ የማን ናት?

በፍራሽ ሰፊዋ ሆድ ውስጥ አንድ ቂም ተቀብሮ ነበር። ተቀብሮ ቢቀር እንኳ ጥሩ፤ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ታላቅ እህቷ እየቆፈረች ታወጣዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ አውሮፕላን ከተማውን ሲደበድብ፣ እናታቸው ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው አገር ሸሸች። እዚያ ትልቅ ዋሻ አለ፤ ከየመንደሩ የሸሸ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ የከረመበት። ሕፃናቱን ከውስጠኛው ክፍል አስገቧቸው። መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ ጭላንጭል ከታየ አውሮፕላኑ ይመለሳል ተብሏል። አንድ ቀን ከዋሻው አፍ አጠገብ ቦምብ ወደቀና ሰዉ ተንጋግቶ ወጣ። እናቶች በጨለማ እጃቸውን እየሰደዱ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሮጡ። ታላቅ እህቷ እንደምትለው እናታቸውም እጇን ሰደደች፣ ያገኘችውን ጎተተች፣ ብርሃን ላይ ወጥታ ብታይ የሌላ ሰው ልጅ ናት። መልሳ እንዳትሰጥ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ምን ታድርግ? አሳደገቻት።

«ይቺ ናት» ትላለች ታላቂቱ በአገጯ እየጠቆመች፣ «የዋሻዋ።»

ሰው ይስቃል። ፍራሽ ሰፊዋም አብራ ትስቃለች፤ ካልሳቀች «ይኸው፣ ማኩረፏ ራሱ ከኛ አይደለም» ልትባል ነው። ታላቂቱ ያኔ ነፍስ ያወቀች ልጅ ስለነበረች «በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ በየትኛው ዓይኗ እንዳየች የጠየቃት ሰው የለም። ጥሩ ወሬ ማን ያበላሻል?

መልካቸውም ለወሬው ያግዛል። ታላቂቱ እንደ እናቷ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷ መቃ። ፍራሽ ሰፊዋ አጭር፣ ደንዳና፣ ጥጥ ስትደበድብ የኖረች ባለ ሰፊ ትከሻ። ጠባይም አለ፤ አንዴ እምቢ ካለች በሬ አይጎትታትም። ከትምህርት ቤት የቀረችው እንኳ አስተማሪው ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ጠይቂ ስላላት ነው። አልጠየቀችም። ይኸው እስከ ዛሬ አልጠየቀችም።

እናቷን ስለ ዋሻው ጠይቃታለች፤ አንድ ጊዜም አይደለም። እናትየው ሽንኩርት እየከተፈች «ጨለማ ነበር እኮ ልጄ፣ ማን ያውቃል?» ብላ ትስቃለች። ቀልድ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ቀልዱ የማን ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚያድር ግን አታጣራም።

ኋላ እናትየው አልጋ ያዘች። ጀርባዋ እንዳይቆስል ፍራሹን እዚህ ጋ አሳስታ፣ እዚያ ጋ አወፍራ የሰፋችላት፣ ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት ፍራሽ ሰፊዋ ናት። ታላቂቱ እሑድ እሑድ መጥታ ጸጉሯን ታበጥርላታለች፤ ጎረቤቱም «አይ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይላል። እናትየው ስትሞት ደግሞ ለቅሶ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች «ያቺ ደንዳናዋ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ታላቂቱ እንባዋን በመሐረብ ጠረግ አድርጋ «እሷማ የዋሻዋ ናት» አለች፤ ወሬውንም ከነቅመሙ አቀረበችላቸው። ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፍራሽ ሰፊዋ ያን ቀን አልሳቀችም።

ሐዘኑ በረድ ሲል ወደ ታላቂቱ ጸጉር ቤት ሄደች። ታላቂቱ የአንዷን ደንበኛ ጸጉር በቢጉዲን ትጠቀልላለች፤ ሌሎቹ ካስክ ውስጥ ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ እንሄዳለን» አለቻት።

«የት?»

«ተራራው አገር፣ ዋሻው ጋ። ሰዎቼን ልፈልግ።»

ታላቂቱ ሳቀች። ከዚያ ሥራ እንዳለባት፣ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ከፍታ እንደማይስማማት ደረደረች።

«አንቺ ካልመጣሽ ማን ይመሰክራል?» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። «በዓይኔ አይቻለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ካስክ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ለመስማት ብለው ራሳቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ። ከዚህ ወዲያ እምቢ ማለት ወሬዬ ውሸት ነው ማለት ነው። ታላቂቱ የቢጉዲኑን ጫፍ አጥብቃ ያዘችና «እሺ» አለች፤ ደንበኛዋ አመማት።

ተራራው አገር ሩቅ ነው። አውቶብሱ የሚደርስበት ድረስ ደረሰና ተወ፤ ከዚያ ወዲያ በፒካፕ ጀርባ፣ ከሰውና ከጆንያ ጋር ነው። ታላቂቱ ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታለች። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም። ሹፌሩ ወሬኛ ነው፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ እያወራቸው ይነዳል። እዚህ ጋ ባለፈው አንድ መኪና ወደቀ፣ እዚያ ጋ ደግሞ ሌላ፣ እያለ የማረፊያ ቦታ እንደሚያሳይ ሰው ይጠቁማል። ታላቂቱ የበላችውን ሁሉ ለሸለቆው አስረከበች።

«ይኸው አገርሽ» አለች አፏን እየጠረገች። «ደስ ይበልሽ።»

«ቁልቁል አትዪ፣ እትዬ» አለቻት ፍራሽ ሰፊዋ፣ ቀሚሷን ከኋላ አጥብቃ ይዛ።

ከተማዋ አንድ መንገድ ናት። በዚያች በአንድ መንገድ ላይ ግን ሦስት ዓይነት ሕዝብ ይኖራል፤ ከወንዝ ዳር የመጡት፣ ከላይ ከገደሉ አፋፍ የወረዱት፣ ከጫካው የወጡት። ሰላምታው ብቻ ያደክማል፤ አንዱ ትከሻ ይነካል፣ አንዱ ክርን፣ አንዱ ከሩቅ ያፏጫል። የየሱቁ ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ ነው፤ ለፍራሽ ሰፊዋ ሦስቱም እኩል ናቸው፣ አንዱንም ደህና አድርጋ አታነብም። ደግነቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሁሉም የሚያወሩት የጋራ ቋንቋ አላቸው፤ እሱን እህትማማቾቹም ይሰሙታል።

ያረፉት የወንዝ ዳር ሴት አልጋ ቤት ውስጥ ነው። ፍራሽ ሰፊዋ እንደገባች ፍራሹን በጡጫዋ መታ መታ አደረገችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ያንን ትልቅ መርፌዋን ከቦርሳዋ አወጣችና ጎኑን ተርትራ ጥጡን መሬት ላይ ዘረገፈችው። ባለ አልጋ ቤቷ በሩ ላይ ስትደርስ ክፍሉ በረዶ የወረደበት መስሏል። እየጮኸች ሳለ ፍራሽ ሰፊዋ ጥጡን ፈልቅቃ መልሳ ሞላችው፣ ሰፋችው። ሴትዮዋ ተቀመጠችበትና ጩኸቷን አቆመች። ቀጥላም ለምን እንደመጡ ጠየቀች።

ፍራሽ ሰፊዋ ነገረቻት። ከናንተ ወገን ልሆን እችላለሁና እዪኝ አለቻት።

ሴትዮዋ አየቻት። ዞር አድርጋም አየቻት። «የኛ አይደለሽም፣ እህቴ» አለች በትሕትና። «የወንዝ ሰው እንደ ውሃ ነው፤ ድንጋይ ካጋጠመው ዞሮ ይሄዳል። አንቺ የሰው ፍራሽ ሳታስፈቅጂ የምትተረትሪ ሰው ነሽ። ይህ ግትርነት የላዮቹ ነው።»

ከላዮቹ ወገን መንገዱ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ከሲንጀሩ ቀና ብሎ የወንዟ ሴት ያለችውን ሲሰማ ቅር አለው። የላይ ሰው በስምምነት የታወቀ ነው አለ፤ ከመካከላቸው ያልተስማማ ካለ እስኪስማማ ድረስ አይለቁትም። ደግሞም የላይ ሴት እንዲህ ደንዳና አትሆንም፣ ዳገቱ አያሳድራትም። ጫካዎቹ ጋ ትጠይቅ።

የጫካው ሰው ማር ሻጭ ነው። ዙሪያዋን ዞሮ አያትና ዓይኑ ጆሮዋ ላይ ቆመ። የኛ ሰው ንብ ጠዋት ቢነድፈው ማታ ረስቶታል፣ ይህ ግን የሰማውን የማይረሳ ጆሮ ነው አለ። ወንዝ ዳር ብትጠይቂ ይሻላል ብሎ መከራት።

ፍራሽ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። የእናቴ ልጅ አይደለሽም ስትባል ኖራ እዚህ ብትመጣ ደግሞ ሦስት ሕዝብ ተራ በተራ እምቢ አላት። ልትመረመር የመጣችው ሴት ልመና ጀመረች፤ ጆሮዬ ምን ሆነ፣ ትከሻዬስ፣ እናንተ ጋ አጭር ሰው የለም ወይ እያለች ማር ሻጩን ያዘችው። ታላቂቱ ከኋላዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ማር ሻጩ ያያትም ያኔ ነው።

«ይቺ ግን የኛ ናት» አለ።

ታላቂቱ ሳቋን አላቆመችም፤ ቀልድ መሰላት። ሰውየው ግን አንገቷን እያየ ነው። እንዲህ ያለ አንገት ዛፍ ላይ ያለ ቀፎ ሽቅብ ሲያይ የኖረ ዘር ነው አለ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ወጣ፤ ይህ አንገትማ ከገደል አፋፍ ቁልቁል የሚያይ ሰው አንገት ነው፣ የላይ ልጅ ናት አለ። ባለ አልጋ ቤቷም ደረሰች፤ እግሯን እዩት፣ ወንዝ ለመሻገር የተፈጠረ እግር ነው አለች። ሦስቱም በየቋንቋቸው መጨቃጨቅ ጀመሩ። መንገደኛው እየቆመ የታላቂቱን አንገት ያያል።

ታላቂቱ ሳቋ ደረቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«እኔ የእናቴ ቁርጥ ነኝ» አለች።

«እናትሽን ማን አያት?» አለ ማር ሻጩ።

በመጨረሻ ሦስቱ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ይህን የሚያውቁት ጠባቂዋ ብቻ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የውስጠኛውን ክፍል ሕፃናት ይጠብቁ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬ አርጅተው ዋሻው አፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ከየትኛው ወገን ናቸው ብላ ፍራሽ ሰፊዋ ብትጠይቅ ሦስቱም እኩል «ከኛ» አሉ።

ዋሻው ጋ ሲደርሱ አስጎብኚው ቀደማቸው። የሚናገረውን በቃሉ ያጠና ሰው ነው፤ ካቋረጡት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፍራሽ ሰፊዋ ደግሞ ሳታቋርጥ መስማት አታውቅበትም። ዋሻው ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ፈልፍሎታል ሲል ስንት ጊዜ እንደሰሙት ታላቂቱ ልትነግራችሁ ትችላለች። አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነስተው «አንተ ውጭ ሆነህ ቀጥል» አሉትና ባትሪውን ተቀብለው ሴቶቹን ይዘው ገቡ።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ የዚያን ጊዜ ጥላሸት ዛሬም እጅ ያጠቁራል። ለቁስለኞች የተፈለፈሉ አልጋዎች፣ የዱቄት ማስቀመጫ ጉድጓድ፣ ከዚያ ተንበርክከው የሚገቡበት ቀዳዳ። ከቀዳዳው ወዲያ ያለችው ክፍል ወለሏ እንደ ሳህን ያንሸራትታል። ይህን ያህል ያለሰለሰው የሕፃናት መቀመጫ ነው አሉ አሮጊቷ። ታላቂቱ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች። ፍራሽ ሰፊዋ ተቀመጠችበት።

አሮጊቷ ባትሪውን አጥፍተው አወሩላቸው። በግድግዳው ዙሪያ ረጅም ገመድ ተወጥሮ ነበር። እያንዳንዱ ሕፃን ቁርጭምጭሚቱ በክር ታስሮ ክሩ ከገመዱ ጋር ይቋጠራል፤ ቋጠሮውን የምትቋጥረው እናትየው ናት። ወንዞቹ እንደ መረብ ይቋጥራሉ፣ ላዮቹ እንደ በቅሎ ማሰሪያ፣ ጫካዎቹ እንደ ቀፎ ማንጠልጠያ፤ እናትም ለራሷ አንድ የምታውቃትን ዙር ትጨምርበታለች። ስትመጣ በጨለማ ገመዱን እየዳበሰች ሄዳ ቋጠሮዋን ስታገኝ ልጇን አገኘች ማለት ነው።

አንዲት የከተማ ሴት ግን ነበረች አሉ። ቀልድ የምትወድ፣ ቀጭን። መቋጠር አታውቅበትም። የምትቋጥረው ሁሉ ይፈታና ትንሿ ልጇ እየዳኸች አንዴ የላዮቹ ልጆች መካከል፣ አንዴ የጫካዎቹ መካከል ትገኛለች። ጠባቂዋ ፍለጋው አንገሸገሻቸው።

«እኔም ምን አደረግኩ» አሉ፣ «የትንሿን እግር ከታላቋ እግር ጋር አንድ ላይ ጠፍሬ አሰርኩት። ትንሿ ስትሸሽ ታላቋ ትጮሃለች፤ እኔም እሰማለሁ።»

«ቦምቡ የወደቀ ቀንስ፣ እማማ?» አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

«እናታችሁ ገባች፣ እጇን ሰደደች፣ ያገኘችውን ጎተተች። አንድ ጎትታ ሁለት ወጣላት።»

«ታዲያ የተለወጠ ልጅ የለም?»

«በጨለማ ለሆነ ነገር አልምልም፣ ልጄ። ሊኖር ይችላል። እናንተ ከተለወጣችሁ ግን ሁለታችሁም ናችሁ የተለወጣችሁት። ሁሌም የታላቋን ቀኝ እግር ነበር የማስረው…»

«ግራዬን ነው» አለች ታላቂቱ።

ውጭ አስጎብኚው ለሌላ ሰው ዋሻው ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ፈልፍሎታል ሲል ይሰማል። ፍራሽ ሰፊዋ ባትሪውን ከአሮጊቷ እጅ ወስዳ አበራችና ወደ እህቷ ፊት አዞረችው። ታላቂቱ ዓይኗን ጋረደች።

«ትራገጪ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ተበዳይዋ እሷ እንደሆነች ሁሉ። «እንቅልፍ የሚባል አላስተኛሽኝም።»

ያንን ሁሉ ዘመን፣ ያንን ሁሉ ሳቅ፣ ለቅሶ ቤቱን ጭምር፣ ይቺ ሴት እያወቀች ነው። ፍራሽ ሰፊዋ ልትሰድባት አፏን ከፈተችና ስድቡ ሁሉ አነሰባት። ስለዚህ ወደ አሮጊቷ ዞራ በጨዋ ድምፅ፣ እንዴት እንደነበር ቢያሳዩን አለቻቸው። ሲባጎ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ፍራሽ የሚሰፋበት፣ ጥርስ የሚሰብር ሲባጎ ነው።

አሮጊቷ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አሳዩኝ ብሏቸው አያውቅም። ታላቂቱን አስቀመጧት። የእሷን ግራ ከታናሿ ቀኝ ጋር አጋጥመው ጠመጠሙ፣ አሾለኩ፣ ሳቡ። ቋጠሮው ሲጎትቱት የሚብስበት ዓይነት ነው። ሊፈቱት እጃቸውን ሲሰዱ ፍራሽ ሰፊዋ መዳፏን ጫነችበት።

«ይቆይ፣ እማማ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ታላቂቱ።

«ሰው ፊት ትናገሪያለሽ። እንደነበረው አድርገሽ። ያኔ ይፈታል።»

«እኔ? አልናገርም።»

«እኔም አልፈታም።»

ከቀዳዳው እንዴት እንደወጡ አትጠይቁ። ቁልቁለቱን በሦስት እግር ወረዱት፤ አንዷ ረጅም አንዷ አጭር፣ አንዷ ስትራመድ ሌላዋ ስትንጠለጠል። ነጩ ጫማ ቀለሙን ረሳ። የከተማዋ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ቆመ። ልብስ ሰፊው የሆነውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱም እምቢ ባዮች፣ ያለ ጥርጥር የአንድ ማሕፀን ናቸው አለ። ማር ሻጩም ባለ አልጋ ቤቷም ተስማሙ። የማን ወገን ናቸው የሚለው ላይ ግን እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ፤ ታላቂቱንም ቢሆን አሁን የሚፈልጋት አልነበረም።

እንደታሰሩ ፒካፑ ጀርባ ተጫኑ። ታላቂቱ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። ለከፍታው ጥሩ ነው ተብላ ውሃ ስትጠጣ ነው የዋለችው፤ መንገዱም ኮረኮንች ነው። ትንሽ ቆይታ መቁነጥነጥ ጀመረች። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበችና መኪናው ቆመ።

«ፍቺኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ተናገሪ።»

«አንቺ ሴት፣ አልችልም፣ ፍቺኝ።»

«እኔ ችያለሁ» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። «ስንት ዘመን ቻልኩት።»

ታላቂቱ ጆንያ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አየች፤ ከሦስቱም ወገን አሉበት። ዓይኗን ጨፈነች። «እህቴ ናት» አለች። «ዋሻ ውስጥ አብረን ነው የታሰርነው። እናቴ የጎተተችው ሁለታችንንም ነው። በዓይኔ አላየሁም፣ ጨለማ ነበር።»

«የዋሻዋ ማን ናት?»

«ሁለታችንም።»

«ሹፌሩ አልሰማም።»

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ እናቴ ኧረ ሰምቻለሁ፣ ይፍቷት አለ።

ፍራሽ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው። እህቷን በብብቷ ደግፋ አወረደቻትና ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ወሰደቻት። ቋጥኙ አጭር ነው፤ የታላቂቱ አንገት ብቻ ሳይሆን ግማሽዋ ይታያል። ፍራሽ ሰፊዋ ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ እንደ መጋረጃ ወጠረችው፤ ፒካፑ ላይ ወዳሉት ሰዎችም ዞረች።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለቻቸው። «ፊታችሁን አዙሩ። እህቴ ናት።»